የስኳር ፋብሪካ ሰንሰለት ምን ያህል ይችላል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሰንሰለት ነው። በስኳር ፋብሪካ አገዳውን ወደ መጭመቂያው፣ የተጨመቀውን ገለባ ደግሞ ወደ እንፋሎቱ ምድጃ የሚያጓጉዘው ሰንሰለት ነው። በአገራችን በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ መተሐራና ፊንጫ በኋላ ተከተሉ።

የዚህ ሰንሰለት እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት ጠፍጣፋ ብረት አለው። ጫፎቻቸው ተበስተው ፒን በሚባል ድቡልቡል ብረት ይያያዛሉ። የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ጋ ወይም ፒኑ ላይ ነው።

እስቲ ከእርሻችን እንነሣ። በሬዎቹ ሲጎትቱ ምራኑ ይወጠራል እንጂ አይበጠስም። ማረሻው የተቀበረ ድንጋይ ሲመታ ግን ብጥስ ይላል። በፋብሪካም ከአገዳው ጋር ድንጋይ ገብቶ ሲቀረቀር እንዲሁ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ትርፍ አቅም ይተዋሉ። ለምሳሌ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በ20 ቶን፣ በሥራ ላይ የሚጎትተው 2.5 ቶን ቢሆን፣ 20 ለ2.5 ሲካፈል 8 ነው። ከሥራው 8 እጥፍ ይችላል ማለት ነው። ይህ ትርፍ ለክፉ ቀን እንደተቀመጠ እህል ነው።

ታዲያ እህሉን ነቀዝ እንደሚበላው፣ ትርፉም ያልቃል። ፒኑ በፍትጊያ ይሳሳል፤ የአገዳው ጭማቂ ብረቱን ያዝገዋል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ እንደሚሰበር ሁሉ፣ ብረትም ሲወጠርና ሲላላ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

የፒኑ መሳሳት በሜትር ይታወቃል። ሲተከል የ10 ቀለበት ርዝመት 2 ሜትር ነበር እንበል። ዛሬ 2 ሜትር ከ4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከመቶ 2 ረዝሟል። ብረቱ ተስቦ አይደለም፤ ፒኑና ቀዳዳው ተበልተው ነው። ሠሪው በመመሪያው ከጻፈው ልክ ሲደርስ ሰንሰለቱ መለወጥ አለበት። ባረጀው መካከል አንድ አዲስ ቀለበት ቢገባ የሌሎቹን ድካም አያድንም።

ሰንሰለት ሲበጠስ አገዳው ተቆርጦ ያድራል፤ ባደረ ቁጥር ስኳሩ ይቀንሳል። ከዚያ የሚከፋው ግን የሰው ጉዳት ነው። ከቤታችሁ ለፋብሪካ ሥራ የሚሄድ ልጅ ካለ፣ ሰንሰለቱ ሳይቆም እጁን እንዳያስገባ፣ እንዳይሻገርበትም ምከሩት። መመሪያውን ማንበብና ማካፈልም ይማር፤ ቁጥሩን ያነበበ ሰው ከአደጋው ይቀድማል።

የቤት ሥራ፦ ሰንሰለቱ በ18 ቶን የሚበጠስ፣ በሥራ ላይ 3 ቶን የሚጎትት ቢሆን፣ ከሥራው ስንት እጥፍ ይችላል? በደብተራችሁ ሥሩና ለጎረቤታችሁ አስረዱ። ደህና ሰንብቱ።