የማን ሰከንድ ነው የሚለካው?

ሐዋሳ ላይ ሐይቅ ዳር የተሰለፉት ሎጆችና ሆቴሎች ከብዙ እንግዶቻቸው ጋር መጀመሪያ የሚገናኙት ስልክ ላይ ነው። እንበልና አንዲት ወጣት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ቁጭ ብላ በሞባይል ዳታ የአንዱን ሎጅ ድረ ገጽ ከፈተች። ስልኳ ርካሽ አንድሮይድ ነው፤ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ግን ቢሮው ሆኖ፣ በዋይፋይና በጥሩ ላፕቶፕ ሲከፍተው ወዲያው ይመጣለታል። የድረ ገጽን ፍጥነትና የተጠቃሚን አካሄድ የመለካት ሙያ የሚፈለገው ባለሙያው በወጣቷ ስልክ ላይ የሚሆነውን እንዲያይ ነው።

ሰዓቱን የሚይዘው ራሱ ብራውዘሩ ነው። ሊንኩ ከተነካ በኋላ የሰርቨሩ የመጀመሪያ ምላሽ መቼ እንደደረሰ፣ ትልቁ ምስል ወይም ጽሑፍ መቼ እንደታየ ይመዘግባል። ገጹ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮድ ይህን ሰብስቦ፣ ተጠቃሚው ሲወጣ ለድረ ገጹ ባለቤት ይልካል። ጉግል በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረጋቸው ሦስት መለኪያዎች በሙያው ዘንድ የታወቁ ናቸው፦ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፤ ለንክኪ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ ይሰጥ (ይህኛው በመጋቢት 2016 የቀድሞውን ተክቶ የገባ ነው)፤ የገጹ መናጋት ነጥብ ከ0.1 አይብለጥ።

ለአማርኛ አንባቢ ትልቁ ጉዳይ ሦስተኛው ይመስለኛል። የግዕዝ ሆሄያት በመቶዎች ስለሚቆጠሩ የፎንቱ ፋይል ይከብዳል። ኔትወርክ ሲደክም ጽሑፉ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ባለው ፎንት ይወጣል። ቆይቶ የድረ ገጹ ፎንት ሲደርስ የፊደሉ ስፋት ይለወጣል፤ ሁለት መስመር የነበረው ሦስት ይሆናል፤ «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ወደ ታች ይወርድና ከበላዩ የነበረው «ሰርዝ» ቦታውን ይይዛል። ወጣቷ ልትከፍል ስትል ሰረዘች። የአካሄድ መዝገቡ ላይ ይህ «ሐሳቧን ቀየረች» ተብሎ ይነበባል። የመናጋቱና የአካሄዱ ልኬቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ጥፋቱ የገጹ እንደሆነ ይታወቃል፤ ለዚህ ነው ፍጥነትን ለአንዱ ክፍል፣ የደንበኛን አካሄድ ለሌላው ከፋፍሎ መስጠት የማይበጀው።

አካሄድ ሲለካ የሚቆጠረው ደረጃ በደረጃ ነው፦ ስንቱ ክፍሎቹን አየ፣ ስንቱ ቀን መረጠ፣ ስንቱ ክፍያ ጋ ደረሰ። አንዳንድ መሣሪያዎች የጣትን እንቅስቃሴ ሳይቀር ቀርጸው ያሳያሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የእንግዳ ስምና ስልክ ቁጥር ቀረጻው ውስጥ መግባት የለበትም።

አማካይ ቁጥር ደግሞ ያታልላል። አሥር ሰው በ1 ሰከንድ፣ ሁለት ሰው በ20 ሰከንድ ቢከፍቱት አማካዩ 4 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ 4 ሰከንድ የጠበቀ ግን አንድም ሰው የለም። ጉግል ራሱ የሚመዝነው ከመቶ 75ኛው ተጠቃሚ ባየው ነው። ያም ቢሆን የቀሩት 25ቱ ከእይታ ይወጣሉ፤ ከነሱም የባሱ አሉ። መለኪያው ኮድ ከመውረዱ በፊት ተስፋ ቆርጠው የወጡት ጭራሽ አይቆጠሩም። ኦፔራ ሚኒን ዳታ በሚቆጥብበት መንገድ የሚጠቀሙትም በትክክል ላይመዘገቡ ይችላሉ። ስለዚህ የሎጁ ባለሙያ ሰርቨሩ የመዘገበውን የገጽ ጥያቄ ቁጥር ወስዶ፣ የሮቦቶቹን ቀንሶ፣ ኮዱ ከላከው ቁጥር ጋር ያስተያይ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትልቅ ከሆነ ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት የገጹን ምስሎችና ፎንት ያቅልል።