አውሮፕላን በቤት ሲሠራ፦ እጅ በማይገባበት ጥግ እንዴት ይመታል?

በአሜሪካ ትንሽ አውሮፕላን በመኪና ማቆሚያ ቤታቸው ሠርተው፣ አስመርምረው የሚበሩ ሰዎች አሉ። በኦሪገን የሚገኘው ቫንስ የተባለው ኩባንያ ለእነዚህ ሰዎች የአሉሚኒየም ላሜራውን ከነንድፉ ይሸጣል።

ላሜራው የሚያያዘው በሺህ በሚቆጠሩ ሪቬቶች፣ ማለትም ራስ ባላቸው አጫጭር የአሉሚኒየም ሚስማሮች ነው። አገር ቤት ቀጥቃጭ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አንዱ በአየር በሚሠራ መዶሻ ራሱን ይመታል፤ ሌላው ከኋላ ብረት ይደግፋል። ያ ብረት እንደ መስፍ ሆኖ የሪቬቱን ጭራ ይደፈጥጠዋል።

ችግሩ ክንፉ ጠቦ እጅ ሲከለክል ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል?

አንደኛ፣ ሽፋኑ ሳይዘጋ የውስጡ ሥራ ሁሉ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ከተንግስተን የተሠራ ድጋፍ ይያዛል። ተንግስተን ከብረት ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ ትንሿ ቁራጭ ትበቃለች።

ሦስተኛ፣ ድጋፉ በትክክል መቀመጡን ደጋፊው ሳይናገር መዶሻው አይነሣም፤ አለዚያ ላሜራው ይጎደጉዳል።

አራተኛ፣ ጭራው በትንሽ መስታወትና በመብራት ይታያል። ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሪቬት ሲደፈጠጥ ወደ 4.8 ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት። ካልሆነ ቀዳዳው እንዳይሰፋ ተጠንቅቆ በትራፓኖ ይወጣል።

ከአንድ ወገን ብቻ የሚሳብ ሪቬትም አለ፤ ነገር ግን ጥንካሬው ስለሚለይ ንድፉ ካልፈቀደ አይተካም።

ክንፉ ከተዘጋ በኋላ የውስጡን ጥፋት ከውጭ የሚያይ የለም። ስለዚህ ከመዝጋት በፊት ሌላ ዐይን ይጠራል።