ተረትና እውነታ፦ ጎጃም ምድር የተቀበረው ወርቅ

ስለ ድብቅ ሀብት በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ብዙ ይወራል። ወሬውን ከታሪክ ጋር እናስተያየው።

ተረት፦ ራስ ኃይሉ ወርቃቸውን ቀብረውታል።

እውነታ፦ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ባለጸጋ ነበሩ፤ ግብራቸው የከበደበት ገበሬ ያውቀዋል። ነገር ግን በ1924 ዓ.ም. በእስር ላይ የነበሩትን ልጅ ኢያሱን በማስመለጥ ተከሰው ሲፈረድባቸው ንብረታቸው ተወርሷል። የተሻረ መስፍን ሀብት ብዙ ጊዜ የሚገባው መሬት ውስጥ ሳይሆን የሻሪው ግምጃ ቤት ነው።

ተረት፦ ጣሊያን ሲሸሽ ወርቁን ቀብሮ ሄደ።

እውነታ፦ የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር መጋቢት 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ለቆ ዓባይን ተሻገረ፤ ግንቦት ላይ ወሎ ውስጥ አጅባር እጁን ሰጠ። እየተዋጋ የሚያፈገፍግ ጦር ከኋላው የሚተወው ይበልጡን ጥይትና ቦምብ ነው። የብረት መፈለጊያ ማሽን ጮኸ ተብሎ ዶማ ማንሳት ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ተረት፦ የተገኘው ብር ላይ 1780 ስለተጻፈ የተቀበረው ያኔ ነው።

እውነታ፦ ማርትሬዛ ብር በአንድ ፊቱ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል፣ በሌላው ባለሁለት ራስ ንስር አለው። እ.ኤ.አ. 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዟል። ጣሊያንም በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ሮም ላይ አሳትሞታል። ስለዚህ ቁጥሩ የተቀበረበትን ዘመን አይናገርም። ደግሞም ብር እንጂ ወርቅ አይደለም።

ተረት፦ ሀብቱን ውቃቢ ይጠብቀዋል፤ ደም ሳይፈስ አይወጣም።

እውነታ፦ በዚህ ወሬ በእርግጠኝነት የሚከብረው አስጠንቋዩ ሳይሆን ጠንቋዩ ነው።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1898 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ ለገጠሩ ሰውማ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን፣ ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) በገንቦ አድርጎ ቤት ውስጥ መቅበር ብልህነት ነበር። ባለቤቱ ሳይናገር ሲሞት ገንቦው ይቀራል። ይህ ግን የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ እንጂ የንጉሥ ግምጃ ቤት አይደለም። የቀድሞው ሀብት አብዛኛው ከብት፣ እህል፣ ጉልትና አሞሌ ጨው ነበር፤ አሞሌ ደግሞ እርጥብ መሬት ውስጥ ይሟሟል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል። ገንቦ ካገኙ ሳያነቃንቁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገሩ። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀበረው የሚያስረዳው የገንቦው ዓይነት፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና በዙሪያው ያለው አፈር ነው። ያ ከተበተነ በኋላ አንዱ ማርትሬዛ የሚሸጠው 28 ግራም ገደማ በሆነው ክብደቱ ብቻ ነው።