የአሮጌ ቤት ሽታ

የአሮጌ ቤት ሽታ ለብዙ ዓመታት ሰው በኖረበት ቤት ግድግዳ፣ ወለል፣ ኮርኒስና ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቆይ፣ ቤቱ ተጠርጎና ተወልውሎ እንኳ የማይለቅ መጥፎ ጠረን ነው። ዋና ዋና ምንጮቹ እርጥበትና ሻጋታ፣ ጭስ፣ የምግብ ቅባት፣ የእንስሳት ሽንት እና የፍሳሽ ቧንቧ ናቸው። ሽታው በዘላቂነት የሚጠፋው ምንጩ ሲወገድና ቤቱ ሲደርቅ ነው። ዕጣን፣ ወይራ ወይም ሽቶ ሽታውን ለጊዜው ይሸፍኑታል እንጂ አያጠፉትም።

ሽታው ለምን አይለቅም?

አንድ ነገር የሚሸተው ከእሱ የተነኑ ሞለኪውሎች አፍንጫ ውስጥ ሲገቡ ነው። ጭቃ፣ እንጨት፣ ጨርቅና ወረቀት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሏቸው እነዚህን ሞለኪውሎች ይይዛሉ፤ እርጥበት ወይም ሙቀት ሲጨምር ደግሞ መልሰው ይለቋቸዋል። በበጋ የጠፋ የመሰለ ሽታ በክረምት የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የማሽተት ስሜት ደግሞ በፍጥነት ይለማመዳል። ስለዚህ የቤቱ ነዋሪ የማይሸተው ጠረን ለእንግዳ ገና ከበር ይሸተዋል።

ምንጮች

እርጥበትና ሻጋታ፦ በኢትዮጵያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ከእንጨትና ከጭድ ጋር ከተቦካ ጭቃ የተሠሩ፣ በቆርቆሮ የተከደኑ ናቸው። ጣሪያው ሲያፈስ ወይም የዝናብ ውኃ የግድግዳውን ሥር ሲመታ ምርጊቱ ውኃ ይይዛል። በውስጡ ያለው ጭድና እንጨት፣ እንዲሁም በላዩ የተለጠፈ ጋዜጣ ለሻጋታ ምግብ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካላት ችግሮች ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል።

ጭስና ቅባት፦ የማገዶ፣ የላምባና የሲጋራ ጭስ በግድግዳና በኮርኒስ ላይ ጥላሸትና የሚያጣብቅ ንጣፍ ይተዋል። የቆየ ቅቤ ሲበላሽ ደግሞ ቡቲሪክ አሲድ የተባለ ኃይለኛ ሽታ ያለው አሲድ ይለቃል።

እንስሳት፦ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲሰብሩት አሞኒያ ይፈጠራል። በድመት ሽንት ውስጥ የሚገኘው ዩሪክ አሲድ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ወለሉ ታጥቦም ሽታው ሊመለስ ይችላል። ኮርኒስ ላይ የሞተ አይጥም የተለመደ ምንጭ ነው።

የፍሳሽ ቧንቧ፦ ከመታጠቢያ ሥር ያለው ሲፎን ውኃ ይዞ የፍሳሽ ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀሙበት ውኃው ይተንና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይገባል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ነው።

አወጋገድ

1. መፈለግ። ክፍሉ ለጥቂት ሰዓታት ተዘግቶ ይቆይና ከውጭ የመጣ ሰው ገብቶ ማዕዘኖቹን፣ የግድግዳውን ሥርና ኮርኒሱን ያሸታል። ግድግዳው ላይ ፕላስቲክ ዙሪያውን ተለጥፎ ለአንድ ወይም ሁለት ቀን ቢቆይና ከጀርባው ጠል ቢታይ፣ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ይመጣል። ጠሉ ከፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ የክፍሉ አየር ራሱ እርጥብ ነው።

2. ማድረቅ። የሚያፈስ ቆርቆሮ ይጠገናል፤ የጣሪያ ውኃ በአሸንዳ ይወሰዳል፤ በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ውኃውን ከግድግዳው እንዲያርቅ ተደርጎ ይደለደላል። ቁም ሣጥንና አልጋ ከግድግዳ ትንሽ ይራቃሉ፤ ትይዩ መስኮቶች አብረው ይከፈታሉ።

3. ማንሳት። የበሰበሰ ምርጊት፣ የሻገተ ጋዜጣና የኮርኒስ አቡጀዲ ይወገዳል። የሻገተ ፍራሽ ቢታጠብም ስለማይድን መጣል አለበት።

4. ማጠብ። የጥላሸት ንጣፍ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይለቃል። አሞኒያ ቤዝ ስለሆነ አቼቶ ያረክሰዋል፤ የተበላሸ ቅቤ ሽታ ግን አሲድ ስለሆነ ቤኪንግ ሶዳ ይሻለዋል። አንዱ በሌላው ቦታ ቢደረግ ብዙም አይጠቅምም፤ ሁለቱ ከተደባለቁም እርስ በርሳቸው ይረካከሳሉ።

5. ኖራ መቀባት። የደረቀ ግድግዳ ኖራ ቢቀባ፣ ኖራው ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ ሻጋታ እንዳያድግ ይከላከላል፤ እርጥበትም እንዲወጣ ያደርጋል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የሚቀባ የፕላስቲክ ቀለም ግን ውኃውን አፍኖ ያስቀረዋል፤ በኋላም ይላጣል።

ጥንቃቄ

በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲደባለቅ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ፣ ሽንት ያለበት ቦታ በበረኪና ከመታጠቡ በፊት በውኃ መለቅለቅ አለበት። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ የሚመጣው ሽታውን ለመሸፈን ወይም ክፍሉን ለማድረቅ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲያያዝ ነው። ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዕጣን ሲጨስ መስኮት መከፈት፣ ፍሙም ከመኝታ በፊት ከቤት መውጣት አለበት።

የማብሰያ ጋዝ ሽታም ከሌላው ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል። ጋዙ ሲያፈስ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ ሽታ ይጨመርበታል። ይህ ሽታ ሲመጣ ክብሪት ሳይጫር፣ መብራትም ሳይበራና ሳይጠፋ ሲሊንደሩ ተዘግቶ በርና መስኮት ይከፈታል፤ ሰዎችም ከቤት ይወጣሉ።