ለቅሶ ሳይጠራን እንጠያየቅ

ባለፈው ክረምት አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከዋሽንግተን ተነስታ ሎስ አንጀለስ ድረስ በመኪና ሄደች። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታዲያ በዚያ ሁሉ መንገድ ሆቴል ያደረችው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሌላውን ሌሊት ያሳለፈችው በየከተማው በሚኖሩ የድሮ ጓደኞቿ ቤት ነበር፤ ኮሎምበስ የክፍል ጓደኛዋ ጋ፣ ዴንቨር ሌላዋ ጋ፣ ላስ ቬጋስ ደግሞ ሃያ ዓመት ያላየችው የሰፈራችን ልጅ ጋ። በደረሰችበት ሁሉ እየደወለች ለአባታችን ታወራለታለች። የመጨረሻውን ስልክ ከዘጋ በኋላ አባቴ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ የቡና ስኒውን አስቀምጦ፣ «እሷ አህጉር አቋርጣ ጓደኞቿን ጠየቀች። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የጓደኞቼን ሞት በስልክ እሰማለሁ» አለኝ።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በረዳትነት ጀምሮ፣ በኋላ «ኤንትሬ» የሚባለውን ፊያት ከነተሳቢው እየነዳ ከአዲስ አበባ አሰብ ሲመላለስ ኖሯል። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ያ መንገድ በደብረ ብርሃን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወርዶ፣ በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከዚያ በባቲና በሚሌ ዘልቆ ቀይ ባሕር ዳር ያበቃል። እኛ ልጆቹ አባታችንን የምናየው በወር ጥቂት ቀን ነበር። በቀረው ጊዜ የሚበላው፣ የሚተኛው፣ ሲያመውም የሚታከመው በመንገዱ ዳር ባሉ ሰዎች ቤት ነው። የሰዎቹን ስም ሰምተን አድገናል፤ መልካቸውን ግን አናውቅም።

«ማንን ማየት ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳያመነታ ቆጠረልኝ። ደብረ ብርሃን ያለው ጎሚስታ፣ ከሚሴ ምግብ ቤት የነበራቸው ሴት፣ ኮምቦልቻ ያለው መካኒክ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚኖረው የቀድሞ ረዳቱ። አምስተኛ ሰው ጠርቶ ነበር፤ አሰብ ወደብ የክሬን ሠራተኛ የነበረ ጓደኛውን። እሱን ግን ስሙን ጠርቶ ተወው።

በዚህ ጥቅምት ልጆቼን ለሁለት ቀን ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አርብ ማለዳ ተነሳን። አሮጊቷ ኮሮላዬ ውስጥ አባቴ ከፊት፣ የ14 ዓመቱ ወንዱ ልጄና የ11 ዓመቷ እህቱ ከኋላ ናቸው። ለሴት ልጄ አንድ ደብተር ሰጥቼ፣ «የአያትሽን ጓደኞች ስምና ስልክ የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አልኳት።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋም በብርዷም የታወቀች ናት። ጎሚስታው ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ብዙ ቆዩና ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ይጮኻል፣ እሳቸው ይስቃሉ። የሰሙትን ይስሙ ያልሰሙትን ይተዉ አላውቅም። ቡና ከጠጣን በኋላ ተነሥተው መኪናዬን ዞሩና ጎማዎቹን በእጃቸው ዳሰሱ። «ይህን ጎማ ይዘህ ነው እነዚህን ልጆች ጣርማ በር የምታወርደው?» አሉኝ። አሁን ሥራውን የያዘው የልጅ ልጃቸው ሁለቱን የፊት ጎማዎች ቀየረልኝ። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጡኝ። የጎማውን ዋጋ ብቻ በብዙ ልመና ተቀበሉኝ።

ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ እንዳለፍን ቁልቁለቱ ይጀምራል። አባቴ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻለም። «ፍሬን ላይ አትቁም፤ ማርሽ ቀንስ! ሞተሩ ይያዝህ!» ይለኛል። በየመታጠፊያው ደግሞ መኪናቸው ፍሬን ከልክሏቸው የቀሩ የሥራ ባልደረቦቹን ስም እየጠራ ለልጆቼ ይነግራል። ደብረ ሲናን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጠዋት የለበስነውን ሹራብ ሁሉ አወለቅን።

ከሚሴ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። አባቴ ቤቱን አላጣውም። ምግብ ቤቱ ግን የለም፤ በቦታው የሞባይል መሸጫ ቆሟል። ከጓሮ አንዲት ጎልማሳ ሴት ወጡ። አባቴ ስሙን ሲነግራቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እናታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። «ለማን እንደምንነግር አላወቅንም። ሾፌሮቹ ሁሉ ስልካቸው የላቸውም፣ የላቸውም እንጂ እሷማ ስማችሁን ስትጠራ ነው የሄደችው» አሉ።

እኚህ ሴት ለአባቴ ምን እንደነበሩ ያን ማታ ነው የሰማሁት። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ መንግሥት ሲለወጥ መንገዱ ተዘግቶ፣ አባቴ ከነጭነቱ ከሚሴ ላይ ቀርቶ ነበር። እኚያ ሴት መኪናውን ግቢያቸው አስገብተው፣ እሱንና ሌሎች ሦስት ሾፌሮችን ለብዙ ቀን ያለ አንድ ሳንቲም አበሉ። እኛ አዲስ አበባ ሞቷል ብለን እናለቅስ ነበር። አባቴ የዚያን ውለታ ለመመለስ በልቡ ቀጠሮ ይዞ 26 ዓመት ቆየ። በድሮው ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ያለቀሰውን ልቅሶ ልጆቼ ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። ሆቴል ልንይዝ ስንነሳ ልጃቸው በፍጹም እንቢ አሉ። «እናቴ ብትኖር ታስወጣችሁ ነበር?» ብለው አሳደሩን።

በማግስቱ አባቴ መንገዱን ሁሉ አልተናገረም። ኮምቦልቻ ስንደርስ መካኒኩ ጓደኛው በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ከሚሴ ከሆነው በኋላ ልጄ ቀድማ ደውላ ነበርና። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ የልጅ ልጅ አላቸው፤ እሷ ናት ቡናውን ያፈላችልን። ሁለቱ ጓደኛሞች ከአቦል እስከ በረካ ስለ ሞተር ድምፅ አወሩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባቲ የሚወስደው መገንጠያ ላይ እንድናቆም አባቴ ጠየቀ። ከመኪናው ወርዶ ወደ ምሥራቅ ተመለከተ። ከ1990 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ፣ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ፣ ከዚህ ተነሥቶ አሰብ የሚገባ መኪና አልነበረም። ስልክም አይሠራም ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ወንዱ ልጄ፣ «አያቴ፣ ፌስቡክ ላይ እንፈልገው?» አለው። አባቴ ሳቀ። «እሱ ማንበብ አይወድም ነበር» አለ። ከዚያ ለልጅቷ፣ «ስሙን ጻፊው፤ ቁጥሩን ክፍት ተይው» አላት።

ደሴ አድረን እሑድ ጠዋት ወደ ሐይቅ ከተማ ሄድን፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቁን ስናይ ለልጆቼ የእስጢፋኖስን ገዳም ታሪክ ነገርኳቸው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ እርሳቸው ዘንድ ተምረው ወደ ደብረ ዳሞ፣ ወደ መምህራቸው መምህር እንደሄዱ፣ ወደ ሸዋ ሲመለሱም መምህራቸውን ሳያዩ እንዳላለፉ ገድሉ ይናገራል። አባቴ ሰምቶ፣ «በእግር እኮ ነው» ብቻ አለ። የወሎ ሙስሊሞችም ዝያራ የሚሉት መጠያየቅ አላቸው፤ የታመመውን፣ ያረጀውን፣ የራቀውን ሄዶ ማየት። በዚህ አገር ወዳጅን ፍለጋ መንገድ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም።

ከከተማው ወደ ምሥራቅ ታጥፈን በጠጠር መንገድ ስንወጣ አርዲቦ ድንገት ከፊታችን ተገለጠ። ከሐይቅ ያነሰና ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ነው። በተራሮች መካከል ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ዳር ዳሩን ማሽላው ማሸት ጀምሯል። የቀድሞው ረዳት ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ዳገቱ ላይ ወጥተው ጠበቁን። «ጋሼ! አንቱ በሕይወት አሉ?» እያሉ ሮጡ። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላቸው ሰው እንደ ልጅ ሮጡ።

ምሳ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ነበር። ቡናው ሲቀርብ አባቴ ልጆቼን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣቸው። «ይህን እናንተም ስሙ» አለ። ከዚያ እኔም ሰምቼው የማላውቀውን ተናገረ። በ1978 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከሚሌ ወዲህ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት መኪናውን ገደል ባይሆንም ቦይ ውስጥ ከተተው። ሰው አልተጎዳም፤ ጭነቱ ግን ተበላሸ። ረዳቱ፣ «ጋሼ ልጆች አሉዎት፤ እኔ ነኝ የነዳሁት እላለሁ» አለ። አባቴ እንቢ አላለም። ረዳቱ ተባረረ። ሌላ ባለመኪናም አልቀጠረውም፤ ሾፌር የመሆን ነገሩ በዚያው ቀረ። አባቴ ሥራውን ቀጠለ፤ እኛን አስተማረ። «እነዚህ ልጆች ያሉት በአንተ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳልመጣ የቀረሁት መንገዱ ርቆኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው» አለ። ለመነሣት፣ ጉልበታቸውን ለመሳም ሞከረ።

ሰውየው ያዙት። ወዲያው «ምንም አይደል» አላሉም። ውሃውን እያዩ ቆዩና፣ «ተቆጥቼ ነበር ጋሼ። አሥር ዓመት ያህል ተቆጥቻለሁ። እንደሚመጡ እጠብቅ ነበር፤ ሲቀሩ ደግሞ ባሰኝ። ከዚያ ልጆች መጡ፣ እርሻ መጣ፣ ቁጣው አለፈ። ናፍቆቱ ነው ያልለቀቀኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አብሽሩ። ዘግይተዋል እንጂ አልቀሩም» አሉት። ባለቤታቸው ዕጣኑን ጨመሩ። ልጄ ደብተሯን ከድና ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወላጆችና አያቶች፣ ሁላችንም ለለቅሶ ከሆነ ሌሊት ተነሥተን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። ሥራ እናስፈቅዳለን፤ ገንዘብ እንበደራለን። ሰውየው በሕይወት ሳለ ግን «አንድ ቀን» እንላለን። አባቴ ከሚሴ ላይ ሁለት ዓመት ዘገየ፤ አርዲቦ ላይ ደረሰ። ልዩነቱን በሁለት ቀን ውስጥ በዓይኔ አየሁት።

ልጆች ደግሞ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ «ማንን ማየት ትፈልጋላችሁ?» በሏቸው። ስሙን ጻፉ፤ ስልኩን ፈልጉ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ። ይህን ባለማድረጋችን ነው ከሚሴ ላይ ለሽማግሌ ሰው ያን ድንጋጤ ያደረስንበት። መንገዱን በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር አታድርጉት። የአዛውንቱን መድኃኒት ከሻንጣ ሳይሆን ከእጅ አኑሩት። ትንሽ ቡናና ስኳር ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን የልጅ ልጆቹን አስከትሉ። እኔ አባቴን በሃምሳ ዓመቴ ያወቅሁትን ያህል ልጆቼ በአራት ቀን አወቁት።

ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። የአርዲቦው ሽማግሌ የልጅ ልጅና ወንዱ ልጄ በየማታው በስልክ ይጻጻፋሉ፤ ለፋሲካ አዲስ አበባ ሊያመጣቸው ተማምለዋል። ደብተሩ አባቴ ራስጌ ነው። አራት ስም ከነስልካቸው ተጽፈዋል፤ የከሚሴዋ ሴት ቦታ ላይ የልጃቸው ቁጥር አለ። አምስተኛው መስመር ላይ የአሰቡ ጓደኛው ስም ብቻ ነው ያለው። አባቴ አልፎ አልፎ ገልጦ ያየዋል። ከዚያ ከድኖ ያስቀምጠዋል።