ስለ ላሜራ መቀጥቀጫ መኪና አሠራርና በቤታችን ስላመጣው ነገር



በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ስለ መዶሻ ለመጻፍ ተነሥተናል። መዶሻንና የቤተ ሰብን ገጽ ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፤ ነገሩ በገዛ ቤታችን የደረሰና ቤታችንን ለጥቂት ወራት በሁለት የከፈለ ስለ ሆነ ነው ብለን እንመልሳለን።

የእኅታችን ልጅ ትምህርቱን በፈጸመ ጊዜ በጽሕፈት ሥራ እንዲገባ ሁላችንም ስንመኝለት ሳለን፤ እርሱ ግን ባትላሜራ እሆናለሁ ብሎ ቈረጠ። ባትላሜራ ማለት የአውቶሞቢል ገላ ሲጨማደድ እየቀጠቀጠ የሚያቀና፤ የተበላሸውንም ክፍል ከአዲስ ላሜራ ቈርጦ እንደ ገና የሚሠራ ባለ እጅ ነው፤ ቃሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍቺውም ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ልጁ በዚህም ሳይወሰን በግቢያችን ጓሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚመታ መዶሻ በገዛ እጁ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀን። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ «ከዚህ ቤት የመስፍ ድምፅ ሊሰማ ነውን?» አሉ፤ ሦስት ቀንም ልጁን ሳያነጋግሩት ቀሩ። እኛም በመጀመሪያ የቆምነው ከእናታችን ወገን መሆኑን ለመሸሸግ አንፈልግም።

ነገሩን በረጋ ልብ ስናስበው ግን ጥላቻችን ከመጽሐፍ የተገኘ አለመሆኑን ተረዳነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 የናስና የብረት ሠራተኛ የሆነው ቱባልቃይን ከቀደሙት ትውልዶች ጋር ተቈጥሮ ይገኛል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 31 ደግሞ ባስልኤል ወርቁን፣ ብሩንና ናሱን ይሠራ ዘንድ ጥበብን የሰጠው እግዚአብሔር ራሱ እንደ ሆነ ተጽፏል። ሲራክም በምዕራፍ 38 በመስፉ አጠገብ ተቀምጦ የእሳት ወላፈን ሥጋውን ስለሚያከሳው፣ የመዶሻም ድምፅ ከጆሮው ስለማይለየው ቀጥቃጭ ከተናገረ በኋላ፤ እንዲህ ያሉ ባለ እጆች ከሌሉ ከተማ እንደማይቀና ያስረዳል። ይህን ሁሉ እያነበብን ያደግን ሰዎች ማረሻችንንና ማጭዳችንን የሠራልንን ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እያልን መስደብን፤ ከእርሱም ጋር ማዕድ መቍረስን መጸየፍን ከየት እንዳገኘነው ብንጠየቅ መልስ የለንም።

የአገራችን ነገሥታትም የእጅን ጥበብ አልናቁም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ሥራ የሚያውቁትን ሚሲዮናውያን አሰባስበው መድፍ አሠርተዋል፤ ከነዚያም ታላቁ ሴባስቶፖል የተባለው በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ማንም እንዳይሰድብ በአዋጅ ከልክለዋል። ሆኖም አዋጅ ስድብን ከአፍ ቢያስቀር፤ ንቀት ከልብ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ዘመን ይፈጃል። በቤታችንም የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ እኛ ወደ ልጁ ወገን ተሻገርን፤ እናታችን ግን በሐሳባቸው ጸኑ።

በመኪና ኃይል የሚመታ መዶሻ አዲስ ነገር አይደለም። በቻይናና በአውሮፓ የወንዝ ውሃ በሚያዞረው መንኰራኵር እየተነሣ የሚወድቅ መዶሻ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1839 ጄምስ ናስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ መሐንዲስ፤ ለግሬት ብሪትን መርከብ የታሰበውን ወፍራም ዘንግ ለመቀጥቀጥ የሚችል መዶሻ በመታጣቱ፤ በእንፋሎት የሚሠራ ታላቅ መዶሻ ነደፈ፤ በ1842ም የፈጠራ መብቱን አስከበረ። በፈረንሳይ አገር በክሩዞ ፋብሪካም ቡርዶን የተባለው መሐንዲስ በዚያው ዘመን እንዲህ ያለውን መዶሻ በሥራ ላይ አውሎ ነበር። የእንፋሎቱ መዶሻ ብርቱውን ብረት እንደ ሊጥ ሲያደርግ ውሎ፤ በብርጭቆ ላይ የተቀመጠውን እንቍላል ብርጭቆውን ሳይነካ ይሰብር ነበር እየተባለ ይነገራል።

የአውቶሞቢል ሥራ በተስፋፋ ጊዜ በአሜሪካ በአምስበሪ ከተማ ፔቲንጌል፣ በክሊቭላንድም ዮደር የተባሉት ኩባንያዎች ለላሜራ የሚሆን ቀላልና ፈጣን መዶሻ ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ ታላላቅ መጭመቂያዎች የአውቶሞቢሉን እያንዳንዱን ክፍል በአንድ ምት መቅረጽ ስለ ጀመሩ፤ መዶሻው ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች እየወጣ ሄደ። ዛሬ አሮጌ አውቶሞቢል የሚያድሱ ሰዎች በየአገሩ አምሳያውን በገዛ እጃቸው ይሠራሉ። የእኅታችን ልጅ ያሰበው ይህንኑ ነበር።

ላሜራ የሚቀረጽበት መንገድ ሁለት ነው፤ መዘርጋትና መሰብሰብ። ሊጥ በመዳፍ ሲጫኑት ሳስቶ እንደሚሰፋ፤ ላሜራም በሁለት ብረት መካከል ሲመታ በዚያ ቦታ ይሳሳና ይሰፋል፤ ዙሪያው ግን አብሮ ስላልሰፋ መካከሉ መሄጃ አጥቶ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይነፋል። መሰብሰብ ደግሞ የቀሚስን ሽንሽን ይመስላል። የላሜራው ጠርዝ በሹካ መሰል ብረት እየተቈለመመ ይሸነሸናል፤ ሽንሽኑም ተመልሶ ሳይዘረጋ ሲመታ ብረቱ በራሱ ውስጥ ገብቶ ይወፍራል፤ ጠርዙም ያጥራል። የአንድ አውቶሞቢል ፓራፋንጎ በእነዚህ በሁለቱ ብልሃቶች ይፈጠራል። በእጅ መዶሻ ሲሆን ግን ምቱ በሺህ የሚቈጠር ስለ ሆነ የሠራተኛው ክንድና ጆሮ አብረው ያልቃሉ።

የመኪናው አሠራር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ አካሉ። ከጎን ሲያዩት አፉን የከፈተ አውሬ ይመስላል። የአፉ ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ እስከ መካከሉ ድረስ ሊደረስበት ይቻላል። አካሉ ከወፍራም ብረት ተበይዶ በሲሚንቶ መሠረት ላይ በብሎን ይታሰራል።

ሁለተኛ፤ ኃይሉ። 2 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ይበቃዋል። ሞተሩ በደቂቃ 1440 ጊዜ የሚዞር ቢሆን፤ በሞተሩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በመኪናው ዘንግ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፑሌጃ ሲገጠም ዘንጉ 720 ጊዜ ይዞራል፤ መዶሻውም በአንድ ሴኮንድ 12 ጊዜ ይመታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ዘንጉና ባሌስትራው። ዘንጉ በሁለት ኩሽኔታ ላይ ይቀመጣል። በጫፉም ከመካከሉ 1 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ የተተከለ አጭር ብረት አለ፤ ዘንጉ ሲዞር ይህ ብረት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ይህን ምልልስ ለመዶሻው የሚያደርሰው ከአሮጌ አውቶሞቢል የወጣ ባሌስትራ ነው። ወገቡ በአካሉ አናት ላይ እንደ ሚዛን ይታሰራል፤ አንዱ ጫፍ ከዘንጉ፣ ሌላው ጫፍ ከመዶሻው ይያያዛል። በባሌስትራው ፈንታ የማይተጣጠፍ ብረት ቢሆን ኖሮ፤ የተሸነሸነ ወፍራም ላሜራ ሲገባበት መኪናው በተሰበረ ነበር። ባሌስትራው ግን እሺ ይላል፤ ምቱንም እንደ አለንጋ ያፈጥነዋል።

አራተኛ፤ መዶሻውና መስፉ። መዶሻው ወዲያና ወዲህ ሳይል በመሪ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይመላለሳል። የመዶሻውና የመስፉ ፊት በብሎን የሚፈታና የሚለወጥ ነው፤ አንዱ ለመዘርጋት፣ አንዱ ለመሰብሰብ፣ አንዱም ለማለስለስ። ፊታቸው እንደ መስተዋት መወልወል አለበት፤ በፊታቸው ላይ ያለች ጭረት በእያንዳንዱ ምት በላሜራው ላይ ትታተማለችና። መስፉም በብሎን ከፍና ዝቅ እየተደረገ እንደ ላሜራው ውፍረት ይስተካከላል።

አምስተኛ፤ ፔዳሉ። ቺንጋው ልል ሆኖ ይገባል። ሠራተኛው ፔዳሉን ሲረግጥ አንዲት ትንሽ ፑሌጃ ቺንጋውን ተጭና ታጠብቀዋለች፤ መዶሻውም ይነሣል። ቀስ ብሎ ለረገጠው ቀስ ብሎ፣ አጥብቆ ለረገጠው አጥብቆ ይመታል፤ እግሩን ሲያነሣ ይቆማል።

ልጁ ይህን ሁሉ በአራት ወር ፈጸመ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ጎረቤት ከጎረቤቱ በድምፅ ምክንያት ሲካሰስ ብዙ ጊዜ ስለ መዘገብን፤ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ጎረቤቶቻችንን ዞረን አማከርን፤ የሚሠራበትንም ሰዓት ከእነርሱ ጋር ወሰንን። መኪናው በተነሣ ጊዜ ድምፁ ብርቱ ነበር፤ ላሜራው ግን እንደ ገባ ወጣ፤ አልሰፋም፤ አልጎበጠም። ልጁ ሞተሩን መረመረ፤ ባሌስትራውን ለወጠ፤ ምንም አልረባም። በሦስተኛው ቀን ፊቱ ጠቍሮ ተቀመጠ። እኛም፤ አንደብቀውም፤ በልባችን ይህ ነገር ቀርቶ ወደ ጽሕፈት ሥራ ይመለሳል ብለን ጥቂት ደስ ብሎን ነበር።

በሰፈራችን 40 ዓመት በላሜራ መቀጥቀጥ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በልጁ ልመና መጡ። ጆሯቸው ፈጽሞ ስለማይሰማ ልጁ ጥያቄውን በወረቀት ጻፈላቸው፤ እርሳቸው ግን ወረቀቱን ሳያነቡት በኪሳቸው ከተቱትና «አስነሣው» አሉት። መኪናው ሲመታ መዳፋቸውን በአካሉ አንገት ላይ አኖሩ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ «ልጄ፤ መዶሻህ ደኅና ነው፤ አንገቱ ግን ደካማ ነው። በያንዳንዱ ምት አፉ ይከፈታል፤ ኃይሉን የሚበላው ላሜራው ሳይሆን አካሉ ነው» አሉት። እኛም መዳፋችንን ብናኖር የብረቱን መከፈትና መዘጋት ሰማነው። ልጁ ከጀርባው እስከ አንገቱ ወፍራም ብረት ደርቦ በየደው፤ በሳምንቱ መኪናው ሲነሣ ላሜራው በዓይናችን ፊት እንደ እንጎቻ ተነፋ።

ሽማግሌውም ሥራውን አይተው ደስ አላቸው፤ ነገር ግን ልጁን በትከሻው ይዘው «ከሁሉ አስቀድመህ የጆሮ መሸፈኛ ግዛ። እኔ የልጅ ልጆቼን ድምፅ አላውቀውም» አሉት። ከዚህ ቃል በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ በቤታቸው ለሚፈቅዱ ወላጆች የጥንቃቄውን ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ድምፅ በመለኪያው 85 ዴሲቤል ሲደርስ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት እንዳይገባ የጤና ሊቃውንት ይመክራሉ፤ በየ3 ዴሲቤሉም ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ወደ 4 ሰዓት፣ በ91 ወደ 2 ሰዓት ይወርዳል። በድምፅ ብዛት የሞቱት የውስጥ ጆሮ ረቂቃን ሕዋሳት እንደ ገና አይበቅሉም። ስለዚህ ሠራተኛውም በአጠገቡ የቆመውም ጆሮውን ይሸፍን። ቺንጋው፣ ፑሌጃውና ባሌስትራው በብረት ወንፊት ይከለሉ፤ ባሌስትራ የተሰበረ እንደ ሆነ ስንጥሩ እንደ ጥይት ይወረወራልና። ነጠላ ለብሶ፣ እጀ ሰፊ ልብስ ለብሶ ወይም ጸጕርን ለቆ ወደሚዞር ዘንግ መቅረብ አይገባም። ሞተሩ የመሬት ሽቦ ይኑረው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ቅቡ ሳይነሣ አይበየድ፤ ጢሱ ትኵሳት ያመጣል። ፊቶቹን ለመለወጥ ሲያስፈልግ መብራቱ አስቀድሞ ከምንጩ ይነቀል። ሕፃናትም ወደ ጓሮው የሚያስገባውን በር ቍልፍ አያግኙ።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሡ እናታችን ከደጃፉ ቆመው ሁሉን ሲመለከቱ ኖረዋል። ቃላቸው እንደማይሰማ ስላወቁ ምንም አልተናገሩም፤ ማስታጠቢያውን በገዛ እጃቸው ይዘው መጡና ለሽማግሌው ውሃ አፈሰሱላቸው። ከዚያም በአንድ ሞሰብ አቀረቡን፤ የመጀመሪያውንም ጕርሻ ለሽማግሌው አጐረሱ። በእናታችን ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን በዕድሜያችን አይተን አናውቅም። በማዕዱም ላይ ስለ ነገሩ ያነሣ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ ልጅ ሁሉ መዶሻ ይያዝ አንልም፤ ብዕር የተሰጠውም ብዕሩን ይያዝ። ነገር ግን ልጃችን የእጅ ሥራ ሲመርጥ «ምን ይሉናል» ከማለታችን በፊት፤ ሥራው እውነተኛ ነውን? ልጁ ይታገሥበታልን? ጤናውንስ የሚጠብቅበት መንገድ አለን? ብለን እንጠይቅ። ለነዚህ መልስ ከተገኘ የቀረው የእኛ ትዕቢት ብቻ ነው።

መኪናው ዛሬም በጓሯችን ይሠራል። እናታችን በጸሎታቸው ሰዓት እንዳይነሣ ሥርዓት ሰጥተዋል፤ ልጁም ይጠብቃል። ነገር ግን ጸሎቱ ተፈጽሞ ጥቂት ከቈየ በኋላ የመዶሻው ድምፅ ያልተሰማ እንደ ሆነ፤ እናታችን ከመቀመጫቸው ሆነው «ዛሬስ ልጁ ደኅና አይደለም እንዴ?» እያሉ ይጠይቁናል።