«ውጤት የለም» ሲል፦ የፍለጋ አቋራጭ ቁልፎች ተረትና እውነታ

ቪኤስ ኮድ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያርም ሰው ኮንትሮልና ኤፍን ተጭኖ «ጸሐፊ» ብሎ ይፈልጋል። «ውጤት የለም» ይባላል። ቃሉ ግን ዐይኑ ሥር ቁጭ ብሏል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው «ይሄ ፕሮግራም አማርኛ አይችልም» ይላል። ሐሜት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በሆሄያት ልዩነት ወይም ከመፈለጊያው ሳጥን ጎን ባሉት ሦስት ትንንሽ ምልክቶች ላይ ነው።

እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ቁልፍ አለው፦ አልትና ሲ ትልቅና ትንሽ ፊደል ያስለያል፤ አልትና ደብሊው ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈለግ ያደርጋል፤ አልትና አር ሬጌክስን፣ ማለትም በአንድ ቀመር ብዙ አጻጻፎችን የሚፈልገውን ስልት፣ ያበራል። ማክ ላይ ኦፕሽንና ኮማንድ ከነዚሁ ሦስት ፊደላት ጋር ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ቁልፍ ሲጠፋ ሰ እና ሠ እንደ አንድ ይቆጠራሉ የሚል እምነት አለ። አይቆጠሩም። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ቁልፉ ለአማርኛ ጽሑፍ በራም ጠፋም ለውጥ የለውም። በዩኒኮድ ሠ ቁጥሩ U+1220፣ ሰ ደግሞ U+1230 ነው፤ ለኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መፍትሔው ያለው አልትና አር ላይ ነው። ሬጌክስ አብርቶ [ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ፊ ብሎ የጻፈ ሰው ጸሐፊንም፣ ፀሀፊንም፣ ጸሃፊንም በአንድ ፍለጋ ያገኛል።

«ሙሉ ቃል ማብራት ፍለጋውን ያጠራል» የሚለውም ለእንግሊዝኛ እንጂ ለአማርኛ እምብዛም አይሠራም። «የጸሐፊው» እና «ጸሐፊዎች» ወዲያው ከውጤቱ ይወጣሉ። ይባስ ብሎ ፕሮግራሙ በነባሪነት የቃል ድንበር አድርጎ በሚያውቃቸው ምልክቶች ዝርዝር ውስጥ አራት ነጥብ የለም፤ ስለዚህ «ጸሐፊ።» እንኳ አይገኝም። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ። እና ፣ን መጨመር ይቻላል፤ ይህን የሚነግር መመሪያ ግን እምብዛም አይገኝም።

ኮንትሮልና ኤፍ የትም ቦታ «ፈልግ» ማለት ነው? አይደለም፤ ሌሎች የጽሑፍ ማረሚያዎች አሉ፦ ኢማክስ ላይ ጠቋሚውን አንድ ፊደል ወደፊት ያስኬዳል፤ ቪም ላይ አንድ ገጽ ያሳልፋል።

መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች የሚስቱት ሌላ ነገር ነው። «አልትና አርን ተጫን» ብሎ መጻፍ በቂ ይመስላቸዋል። ቁልፉ ግን ያበራልም ያጠፋልም፤ ሬጌክሱ ቀድሞ በርቶ ከነበረ ትእዛዙን የፈጸመው አንባቢ ያጠፋዋል። ሳይታወቅ በርቶ ሲቀርም ጣጣ አለው፦ «3.5» ብሎ የፈለገ ሰው 315ንም ያገኛል፤ ነጥቧ በሬጌክስ ማንኛውንም ምልክት ትወክላለችና። በዚያ ላይ ቁልፎቹን ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይራቸው ይችላል፤ ኮንትሮልና ኬ፣ ቀጥሎ ኮንትሮልና ኤስ ሲጫን የዚያው ኮምፒውተር ትክክለኛ ዝርዝር ይከፈታል። ስለዚህ የመመሪያው መስመር «የሬጌክሱ ምልክት ካልበራ አልትና አርን ተጫን፤ ማክ ከሆነ ኦፕሽን፣ ኮማንድና አር» ቢል ይሻላል። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ይሠራል።